የኖክ ኩንዲ መዝገብ

ንፋሱ ከሰሜን መቶ ሃያ ቀን ይነፍሳል፤
አሸዋው በር ሳያንኳኳ ይገባል፣ ሻያችን ላይ ይነሰነሳል።
እኔ አንድ እግሩ በጡብ ከተደገፈ ጠረጴዛ ኋላ
መዝገቤን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ ፀሐይ እስክትላላ።
ጠመንጃዬን ማንም አይነካብኝ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል፤
እስክሪብቶዬ ግን በክር ታስሯል።
እዚህ በረሃ የሚሰረቅ እሱ ነው፣
ጥይትማ ምን ብርቅ ነው።

የውጭ ሰው በዚህ መንገድ እንደ አደራ ዕቃ ነው፤
ዳልባንዲን ፈርሞ ለእኔ፣ እኔ ፈርሜ ለታፍታን የማስረክበው።
ቢታገት ስሜ ነው የሚነሳው፣
ቢሞት ደመወዜ ነው የሚጠፋው።

የመጣው ማክሰኞ ነው፤ ብስክሌቱን እየገፋ፣
ጫማው አፉን የከፈተ፣ ላቡ ሸሚዙ ላይ ጨው ሆኖ የሰፋ።
ከኋላው በሞተር ብስክሌት፣ ሽማግሌው አጃቢ ሻህዳድ፣
በእርምጃ ፍጥነት ሲነዳ፣ አርባ ኪሎሜትር ሙሉ ሲናደድ።

«ስም?» «ኢግናሲዮ።»
«የአባት ስም?» ትከሻውን ነቀነቀ፣ የእናቱን ስም ጻፈልኝ።
«አገር?» «ኡራጓይ።» ካርታ ላይ አይቼው አላውቅም፤ ወሬው ግን ገረመኝ።
በምልክትና በተሰባበረ ኡርዱ፣
«የኛ ድንበር ጎዳና ነው» አለ፤ «ዳቦ ከወዲህ ይገዛል፣
ፀጉር ከወዲያ ይቆረጣል።»
ሻህዳድ ምራቁን ተፋ፤ «ፀሐይ መትቶታል፣ ይቃዣል።»

«ለምን» የሚል ረድፍ የለውም መዝገቡ፤ እኔ ግን ጠየቅሁ።
«የት እንደሚያልቅ ለማየት» አለ መንገዱን። ሳልወድ ሳቅሁ።
እኛ ይህን መንገድ የምንሄደው ለዱቄት ነው፣ ለሐኪም፣ ለለቅሶ፤
ማን በጤናው ታፋው እስኪላጥ ይመጣል፣ ዳር ለማየት ገስግሶ?

እኛ ጋ ድንበሩ ሽቦ ነው። ከማዶው እህቴ ማህጋንጅ አለች፤
ሽቦው ሳይዘረጋ ተዳረች፣ ከተዘረጋ ወዲህ አረጀች።
ወንድሜ ሳብዛል ነበር የሚመላለስ፣ በሰማያዊ ፒካፕ፣
ነዳጅ ጭኖ፣ በሌሊት፣ መብራቱን አጥፍቶ፣
ከእሷ ለእኔ ተምር፣ ከእኔ ለእሷ የጥልፍ ክር በደረቱ ከቶ።
አንድ ሌሊት ከዚህ ጣሪያ ላይ ሆነን እሳት አየን፤
ጎህ ሲቀድ ሄደን ከአመዱ የጥርሱን ወርቅ ለየን።
እሱ የሚሰፍርበት ረድፍ የለም፤
የወጣ አይደል፣ የገባም።

እንግዳው ሻዩን ጨረሰ፣ ከነአሸዋው፣ ሳያጉረመርም።
ከዚያ ትንሽ ደብተር አወጣ፣ እስክሪብቶዬን ከነክሩ ሳበና
«ያንተስ ስም?» አለ።
ዝም አልኩ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ስም ስጽፍ የኔን የጠየቀኝ አልነበረምና።

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ።
ባዕድ ደብተር ላይ የተገኘ ስም እዚህ አገር ሰው ያስገድላል፤
ወዲያ ደብተሩ ይፈተሻል፣ «ይህ ማነው?» ይባላል፣
ወዲህ ደግሞ በሌሊት በር ይመታል።
«ሳብዛል» አልኩት፣ አፌ ሳያማክረኝ።
ሻህዳድ ቀና ብሎ አየኝ፤
መልሶ ጫማውን አየ።
እንግዳው ሁለት ቦታ አሳስቶ ጻፈው፤ ግን ጻፈው፤
ደብተሩን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ አሳረፈው።
ብስክሌቱን በፒካፕ ጭነን፣ ሁለት ታጣቂ ጨምረን ሸኘነው።

በነጋታው ታፍታን ደወልኩ። «አልፏል» አሉኝ፣ «ማህተሙ ተመታ።»
«ፈተሹት?» «ብስክሌቱን ብቻ፤ ደብተሩንማ
በዚህ ሙቀት ማን ቁጭ ብሎ ይፍታ!»

መዝገቡን ገለጥኩ፤ «ኢግናሲዮ። ብስክሌት፣ አንድ። ወጣ።»
ከሥሩ፣ ባዶው መስመር ላይ፣ ሰው እንዳይመጣ
በሩን አይቼ፣ በጥፍሬ ጫርኩ ሌላ ስም፤
ቀለም የለው፣ በአግድም ብርሃን ካላዩት አይታይም።
«የመጓጓዣ ዓይነት» ከሚለው ስደርስ ጥፍሬ ቆመ፤ ምን ልበል?
«የሰው ደረት ኪስ» ብዬ ልፈርም? ማንስ ይቀበል?

«ተነስ» አለኝ ሻህዳድ ከደጅ፣ ጥምጣሙን እያጠበቀ፤
«በስተምሥራቅ አቧራ አያለሁ።
ሌላ ባዕድ ሳይሆን አይቀርም፤ ሻዩም አልቋል፣ ስኳሩም አለቀ።»